ቃሬዛ ላይ ተኝቼ የተማርኩት

ክረምቱ ሲበረታ ፎገራ ሜዳ መሆኑ ይቀራል። የርብ ወንዝ ግራ ቀኙን ጥሶ ይወጣና አገሩ ሁሉ ከጣና ጋር አንድ ይሆናል። ማለዳ ወረታ ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ወደ ምዕራብ ሳይ ሰማዩ የት አልቆ ውኃው የት እንደሚጀምር መለየት አልችልም ነበር። ጉሙ ላይ የጎጆ ክዳኖች ብቻቸውን ተንሳፍፈው ይታያሉ። ከዚያ ጉም ውስጥ ሰው ሲወጣ መጀመሪያ ራሱ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ መጨረሻ እግሩ ይታያል። አንዳንዱ ጀርባው ላይ ልጅ አዝሏል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አራት ሆነው ቃሬዛ ተሸክመዋል።

ዛሬ ሳስታውሰው ያ ሁሉ ውበት ነበር። ያኔ ግን ለእኔ ሰልፍ ነበር። ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጎንደር ከተማ ተወልጄ፣ የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ጨርሼ፣ በደርግ ጊዜ እንደሚደረገው ዕጣ አውጥቼ ነው ወረታ የደረሰኝ። ሐኪም የለንም። ሦስት ጤና ረዳቶች፣ አንድ ዘበኛና አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ነበርን። የወባው ወቅት ሲመጣ በአንድ ቀን የማየው ሰው ብዛት ፊት ከፊት እስኪምታታብኝ ድረስ ነበር። ሌሊት ዝናብ ሲያድር ጠዋት እቆጣለሁ፤ ዝናብ ማለት ብዙ ሰው ማለት ነውና። ገበያ ላይ «ያቺ የምትቆጣዋ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ስሙ ደስ ይለኝ ነበር። የፈሩኝ ሰዎች ሰልፍ ያከብራሉ።

ነሐሴ ላይ ነው፤ አንዲት ሴት እስከ ወገቧ ርሳ መጣች። ያዘለቻት ልጅ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ ተገልብጦ ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል። ልጅቷን ከጀርባዋ እየተቀበልኩ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ጮህኩባት።

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ስትሞትብሽ ልታመጫት ነው? አንቺ እናት ነሽ?»

ሴትየዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አቀረቀረች። ከቀሚሷ ጫፍ ውኃ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ልጅቷን ወጋኋት፤ ትኩሳቷ እስኪበርድ አቆየኋት፤ ለቀጣዮቹ ሁለት ቀናት እያመጣች እንድታስወጋት ነግሬ ሰደድኳት። በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። መዝገቡ ላይ «ቀርታለች» ብዬ ጻፍኩና ረሳኋት።

መስከረም ሲጠባ ከአውራጃው ጤና ቢሮ ደብዳቤ ደረሰን። «የሕሙማን አቀባበል ትምህርት» ይላል፤ ለአንድ ሳምንት፣ በወረታ ቀበሌ አዳራሽ። ከሐሙሲትና ከአንበሳሜም ጤና ረዳቶች መጡ። የአብዮት በዓል ሰሞን የተሰቀለው ቀይ ጨርቅ ገና አልወረደም፤ በዝናብ ረጥቦ ደብዝዟል። አንድ ካድሬ ስለ ሰፊው ሕዝብ ረዘም ያለ ንግግር አደረገና በላንድሮቨር ሄደ። መድረኩ ላይ አንዲት ቀጭን፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ነጭ ጫማ ያደረጉ ሴት ቀሩ። ሁላችንም ሲስተር አልናቸው፤ ዕድሜያቸው የእናቶቻችን ነው። ከሁሉ አስቀድመው ዘበኛችንንና ጽዳት ሠራተኛችንን ከውጭ አስጠርተው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

«በሽተኛ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ ጠየቁን። «ትናንት ያከማችሁትን አንድ ሰው አስቡ። እጁ ምን ይመስል ነበር?»

ክዳኑ ላይ ካፊያው ይወርዳል። እኔ ትናንት ስንት መርፌ እንደወጋሁ፣ ለማን ምን ኪኒን እንደሰጠሁ መናገር እችላለሁ። እጅ ግን አንድም አልመጣልኝም።

የሐሙሲቱ ልጅ እጁን አወጣ። «ሲስተር፣ እኛ እኮ ከክርን በላይ ነው የምንወጋው።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ጽዳት ሠራተኛችን ብድግ አሉ። የሜዳው ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ ከተማ የገቡ ባልቴት ነበሩ።

«የትናንቱ ሽማግሌ አውራ ጣታቸው የለም» አሉ። «ማጭድ ወስዶታል። ውኃ ስሰጣቸው ጣሳውን በሁለት እጃቸው ነው የያዙት። በአንድ እጃቸው አይችሉማ። ኪኒኑንም ከወረቀቱ ማውጣት ሲያቅታቸው እኔ ነኝ ያወጣሁላቸው።»

ያን ሽማግሌ ያከምኳቸው እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን ጠቅልዬ እጃቸው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ፊቴ ጋለ። ሲስተር ግን ወደ እኔ አልተመለከቱም፤ ሴትየዋን «ተባረኩ፣ ይቀመጡ» ብለው ወደ ሌላ ነገር አለፉ።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ሲስተር ዘበኛውን ቃሬዛ እንዲያመጣ አዘዙት፤ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በጠፍር የተጠላለፈ፣ ገጠሬው ሁልጊዜ በሽተኛ የሚያመጣበት ዓይነት። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«አንቺ ተኚ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። ጋቢ አልብሷት።»

ሸካሚ አንድ ጎደለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ፣ ረጅም ሙስሊም ሰውዬ፣ ነገሩን ቆሞ ሲያይ ነበርና ሽርጡን ከፍ አድርጎ አራተኛውን ጫፍ ያዘ። ሲስተር ለሸካሚዎቹ «እንደ ሁልጊዜው ሂዱ፤ እሷን አታናግሯት» ብለው አዘዙ። ተነሣሁ። ማለቴ አነሡኝ።

ያን ጉዞ እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። ከአዳራሹ እስከ ውኃው ዳር ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው፤ ለእኔ ግን መጨረሻ አልነበረውም። የማየው ሰማይ ብቻ ነው። ሰማዩ ራሱ ይወዛወዛል። የባሕር ዛፍ ጫፎች ቀስ እያሉ በላዬ ያልፋሉ፤ ነጫጭ ወፎች ወደ ጣና ይበርራሉ። ከአራቱ ሰዎች የሚታየኝ የአንዱ ማጅራትና የሌላው ጆሮ ነው። እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ እሰማለሁ፤ ምድሪቱ ከእኔ በጣም ርቃ፣ ከታች የሆነ ቦታ ላይ ያለች መሰለኝ። በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ነው፤ ግን የት እንደደረስን ማወቅ አልቻልኩም።

መንገደኞች ያስቆሙናል። «ማን ናት?» ይላል አንዱ። «ምን አገኛት?» ትላለች ሌላዋ። ዘበኛችን «ንዳድ ነው» ይላል። ማንም እኔን አይጠይቀኝም። አንዲት ሴት «ወይኔ ልጅነቷ!» ብላ ስታልፍ ሰማሁ። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል ነበር። ጤነኛ ነኝ፤ ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት። ቢሆንም ሳላስበው እንባዬ ከዓይኔ ጠርዝ ወርዶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እጄ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሏልና መጥረግ አልቻልኩም።

ባለሱቁ አየኝ። ትእዛዙን ጥሶ ጎንበስ አለና «አይዞሽ ልጄ፣ ደርሰናል» አለኝ።

የደረስነው የትም አልነበረም። ውኃው ዳር ነበርን። ግን ያቺ ቃል መላ አካላቴን ፈታችው።

ስንመለስ ሲስተር ከቃሬዛው አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ምን ታየሽ?»

«ሰማይ።»

«ምን አማረሽ?»

«ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲያየኝ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ከእኔ በኋላ ሁሉም በተራው ተኛ፤ የሐሙሲቱ ቀልደኛ ልጅ እንኳ ሲወርድ የሸካሚዎቹን እጅ ጨበጠ። ከሰዓት በኋላ ሲስተር እያንዳንዳችን በአንደበታችን ያቆሰልነውን አንድ በሽተኛ እንድናስብ ነገሩን። እኔ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ከቀሚስ ጫፍ የሚንጠባጠብ ውኃ መጣብኝ። ተነሥቼ ታሪኩን ተናገርኩ።

«አገሯ የት ነው?» አሉ።

«ከርብ ማዶ። ሜዳው መሀል።»

«እንግዲያው ነገ ሂጂ።»

«ሄጄ ምን ልበላት ሲስተር?»

«እሱን ስትደርሺ ታውቂዋለሽ።»

በማግስቱ ከጽዳት ሠራተኛችን ጋር ወጣን፤ እሳቸው መንገዱንም ሰዉንም ያውቃሉ። የኪኒን ቦርሳዬን ይዣለሁ፤ ነጩን ጋዋኔን ለብሻለሁ። ውኃው ዳር አንድ ባለታንኳ አገኘን። ታንኳው ከደንገል የታሰረ፣ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ስንቀመጥበት ውኃው ቀሚሳችንን ነካ። ሰውዬው በረጅም እንጨት እየገፋ ወደ ጉሙ አስገባን።

ያን ያህል ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ታች ስመለከት ጥልቀቱ ከሰው ወገብ ብዙ አይበልጥም። ከሥር ሩዝ ቆሟል፤ ቅጠሉ ከውኃው ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል። የአጥር ጫፍ አለፍን። ሴትየዋ በጣታቸው እያሳዩ «ይኸ አውድማ ነው» ይሉኛል፤ «ይኸ የእከሌ ቤት በር ነው፤ ከዚህ በታች መንገድ ነው፤ በዚህ ነበር እኔ የተዳርኩት»። እኔ ውኃ ብቻ ነው የማየው። እሳቸው አገር ያያሉ። ከፍ ያለች ቦታ ላይ ከብቶች ተጨናንቀው ቆመዋል፤ ቀንዳቸው ከጉሙ በላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በዛፎቹ ተከቦ ደሴት ሆኗል። ፀሐይ ወጥቶ ጉሙን ሲበትነው ውኃው ሁሉ ብርሃን ሆነና ዓይኔን ጨፈንኩ። በዚህ ብርሃን ውስጥ የት እንዳለሁ፣ ለምን እንደመጣሁ ለትንሽ ጊዜ ጠፋኝ።

ከቤቱ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ጎጆው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃው ከደጃፉ ሥር ደርሷል። አንዲት አሮጊት ወጥተው ጋዋኔን ሲያዩ ደነገጡ።

«ኧረ እመቤቴ፣ ምን አጠፋን? ልጄን ወስዳችሁታል፤ ሌላ ወንድ የለኝም።»

ከመንግሥት የመጣሁ መስሏቸው ነው። ጋዋኔን አውልቄ አጣጠፍኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጽዳት ሠራተኛችን ዘመድ ቆጥረው፣ ሰላምታ ተለዋውጠው አረጋጓቸው። አሮጊቷ የዚያች ሴት አማት ናቸው። ልጅቷ በአጠገባቸው ቆማ በሸንበቆ ውኃውን ትመታለች። ድናለች። ልቤ ረካ። ይቅርታ ጠይቄ በብርሃን እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ።

«እናቷስ?» አልኩ።

«ከውስጥ ተኝታለች። ንዳዱ ከያዛት አምስት ቀኗ ነው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ስድስት ወሯ። ወደ ሐኪም እንውሰድሽ ብንላት እንቢ አለች።»

ገባሁ። ጨለማው ዓይኔን እስኪለምደው ቆምኩ። መደቡ ላይ ተኝታ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ገላዋን ሳልነካው ሙቀቱ ደረሰኝ። አጠገቧ ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። የመሃል ጣቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበር።

«ለምን እንቢ አልሽ የኔ እናት?»

ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰችልኝ። «እዚያ አንዲት የምትቆጣ ልጅ አለች። ልጄን አንዴ ወግታ ካተረፈችልኝ ይበቃል። ድጋሚ ሰው ፊት መቆም አልችልም።»

አሮጊቷም ጽዳት ሠራተኛችንም ደጃፉ ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ብዬ ነው የመጣሁ።»

ዓይኗን ገለጠች። ብዙ አየችኝ። የትኩሳቱ ቅዠት መሆኔን እየመረመረች ይመስለኛል።

«ውሸት እኮ አልተናገርሽም» አለች በመጨረሻ። «ዘግይቼ ነበር። ያለን ታንኳ የጎረቤት ነው፤ በሬ ሊያሻግሩበት ሄዱ። ባሌ ዘመቻ ነው። ሦስት ቀን ደጃፍ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሲቀሩ አዝያት በእግሬ ገባሁበት።»

ያን ውኃ ሙሉ ጠዋት በታንኳ ነው የመጣሁበት። እሷ በእግሯ፣ ልጅ አዝላ ነበር የሄደችበት።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

የያዝኩትን ኪኒን ፈጭቼ በማር አስዋጥኳት። ታንኳው ላይ ስናስተኛት ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ስንመለስ ውኃው ያው ነበር፤ ብርሃኑም ያው። ውበቱን ግን ለማየት ጊዜ አላገኘሁም፤ ትንፋሿን እየቆጠርኩ ነበር። ዳር ስንደርስ ባለታንኳው ከመንደር ሁለት ሰዎችና ቃሬዛ ፈልጎ አመጣ። ከእሱ ጋር ሦስት ሆኑ፤ አራተኛ ሰው ታጣ። ጫፉን እኔ ያዝኩ። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ትከሻዬ ተላጠ፤ ጫማዬን ጭቃው ወሰደው።

እሷ ሰማይ ብቻ እንደምታይ ስለማውቅ እየሄድን የት እንዳለን እነግራት ጀመር። «አሁን ባሕር ዛፎቹ ጋ ደርሰናል። አሁን ወፍጮ ቤቱን አለፍን፤ ድምፁ ይሰማሻል? አሁን ወደ ላይ እንወጣለን፤ ትንሽ ትንገላቺያለሽ።» እሷም ዓይኗን ጨፍና «እሽ» ትለኛለች። እያንዳንዱን «እሽ» እጠብቀው ነበር።

ሲስተር ራሳቸው ተቀበሏት። የወባውን መድኃኒት በግሉኮስ አድርገው በደም ሥሯ ሰጧት። ሁለት ቀን ከአጠገቧ አልተለየሁም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፅንሱ ወረደ። በሕይወት አልነበረም።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ የሆነ ነገር ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ገና ልጅ ነሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል፣ ሁልጊዜ የምንለውን። ሲስተር ከበሩ ላይ በዓይናቸው ከለከሉኝ። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ፊቷን ሳትመልስ ጠየቀችኝ።

«ወንድ ነበር?»

«አዎ። ወንድ ነበር።»

«አባቱ እንኳ መኖሩን ሳያውቅ» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ እጄንም አልለቀቀችውም። አማቷ በማግስቱ ተከትለውን መጥተው ነበር፤ እሳቸው በነጭ ነጠላ ጠቅልለው ወሰዱት።

በዚያ ምሽት ገና ብርሃን ሳለ ሲስተር ግቢው ውስጥ እጃቸውን ሲታጠቡ አገኘኋቸው። «ባልጮህባት ኖሮ ንዳዱ በያዛት ቀን ትመጣ ነበር አይደል? ልጁ በእኔ ነው የሞተው?»

አላባበሉኝም። እጃቸውን አደራርቀው ጨረሱና «ከፊሉ የውኃው ነው» አሉኝ። «ከፊሉ የንዳዱ ነው። ከፊሉ ያንቺ ነው። የራስሽን ያዢ፤ የሌላውን አትሸከሚ። ነገ ደግሞ ጠዋት በሰዓትሽ ግቢ።»

ትምህርቱ በማግስቱ አለቀ። ሲስተር ወደ ሌላ አውራጃ በአውቶብስ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ከእሳቸው የቀረልን ወረቀት የለም፤ ምስክር ወረቀትም አልተሰጠንም። ዘበኛችን በራሱ ሐሳብ ከዛፉ ሥር ግንድ አጋድሞ መቀመጫ ሠራ። እኔ ካርድ ከመክፈቴ በፊት «በምን መጣችሁ? መቼ ተነሣችሁ?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መልሱ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ሥራው ፈጥኖ አያልቅም ነበር።

መልአክ ሆንኩ አልልም። በዚያው ኅዳር ሰልፍ ጥሶ በገባ አንድ ሰውዬ ላይ እንደ ድሮዬ ጮኼበታለሁ። ተከትዬው ወጥቼ በር ላይ ይቅርታ ስጠይቀው እሱ ይበልጥ ተናደደ፤ አሾፍኩበት መሰለው። እንዲህም ያጋጥማል።

ታኅሣሥ ላይ ውኃው ሸሸ። ሜዳው መሬት ሆነ፤ ጓያ ተዘራበት፤ ከብቱ ተመለሰ። አንድ ረፋድ ያቺ ሴት መጣች። ጠቆር ብላለች፣ ግን ቆማ ትሄዳለች። ባሏ ዘመቻ ላይ እንዳለ ነው፤ ወሬው አልመጣም። ለራሷ አልነበረም የመጣችው። ከኋላዋ አንዲት አንገቷን የደፋች ወጣት ሴት ነበረች፤ ጡቷ አብጦ እየሠቃየች ወር ሙሉ ደብቃው የኖረች ጎረቤቷ።

«እያት እስቲ» አለችኝ። «አትቆጣም ብዬ ስምል ነው የመጣችልኝ።»

ጎረቤቷን ክፍሉ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ከጎኗ ተቀመጥኩ። ውጭ ሰልፉ እየረዘመ ነበር። ወጣቷ ቀስ እያለች፣ ከሕመሙ ሳይሆን ከልጇ ልደት ጀምራ ማውራት ጀመረች፤ እኔም ሳላቋርጣት ሰማኋት።